«አብሽ አልጠጣሁም» ያለችኝ እናት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ነርስ ከኮምቦልቻ ደውላ፣ «ሲስተር፣ በዘር የሚወረስ የሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን ሰባብሮ የሚጠቀምበት ሥርዓት) በሽታ ጠርጥረን እዚህ መርምረን ማረጋገጥ ካልቻልን፣ ለቤተሰቡ ምን ብለን እንንገር?» ስትል ጠየቀችኝ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ በሕፃናት ክፍል ስሠራ፣ አንዲት የኩታበር እናት የስምንት ቀን ልጇን ይዛ መጣች። ሲወለድ ደህና የነበረው ሕፃን በአራተኛው ቀን ጡት መያዝ ትቶ፣ ሰውነቱ አንዴ እንደ ጨርቅ ይላላል፣ አንዴ እንደ ቀስት ይወጠራል። እናቱ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የሽንት ጨርቅ ፈትታ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችና፣ «አብሽ አብሽ ይሸታል፤ የፊተኛውም ልጄ እንዲሁ ነበር» አለችኝ። የመርፌ ሰዓት ደርሶብኝ ነበርና፣ «አብሽሪ፣ የአራስ አብሽ ጠጥተሽ ነው» ብዬ አለፍኳት። «አብሽ አልጠጣሁም፤ ሽታውንም አልወደው» ስትል ሰምቻታለሁ። ሕፃኑ የደም ኢንፌክሽን ተብሎ ሲታከም ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። አማቷ በር ላይ ቆመው፣ «ሾተላይ አለባት፤ ልጅ አይበረክትላትም» ሲሉ፣ የምመልሰው ቃል ስላልነበረኝ ዝም አልኩ።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ሥልጠና ላይ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ስለተገለጸው «ሜፕል ሲረፕ ዩሪን ዲዚዝ» ስለሚባል፣ ሽንት እንደ ሜፕል ዛፍ ሽሮፕ ስለሚሸትበት በሽታ ተማርኩ። ሰውነት ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የተባሉትን የፕሮቲን ክፍሎች ሰባብሮ መጠቀም አቅቶት በደም ውስጥ ሲከማቹ አእምሮን ይጎዳሉ፤ ለሽንቱ ጣፋጭ ሽታ የሚሰጠው ሶቶሎን የተባለው ንጥረ ነገርም በአብሽ ውስጥ ይገኛል። ግምቴ ከንቱ አልነበረም፤ አብሽ የጠጣች እናት ጤነኛ ልጅም እንደዚያው ሊሸት ይችላልና። የዚያ ሕፃን ሕመም ይኸው ይሁን አይሁን ግን ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን እናት ስትናገር ዓይናችሁ ስልክ ላይ ነው። የእኔስ ዓይን ስልክ ሳይኖረኝ መርፌው ላይ አልነበረም?

ያልተረጋገጠ በሽታ ስም ለቤተሰብ አትስጡ እል ነበር፤ አሁን ግን ጥርጣሬውን ጥርጣሬ ነው ብላችሁ ንገሯቸው እላለሁ፤ ዝም ስትሉ ሾተላይ ይተካዋልና። ባልየውንና አማቲቱን አብራችሁ አስቀምጡ፤ በሽታው የሚመጣው ጤነኞች ከሆኑት ከእናትም ከአባትም እኩል ነው። በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል አለው ስትሉ፣ «አንዱ ከሞተ ሦስቱ ይተርፋሉ» ብለው በስህተት ይረዱታል። እኔ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ሦስት ነጭና አንድ ቀይ ቦሎቄ በሲኒ አድርጌ፣ ቀዩ የታመመ ልጅ ነው ብዬ፣ አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ አንዷን እንዲያወጣ፣ መልሶም እንዲከትና እንደገና እንዲያወጣ አደርግ ነበር። ቀዩ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የጡት ወተትም ፕሮቲን አለውና፣ ጡት ማስጣሉን ለሐኪም ተዉት። እናትየዋ ስትሄድ የተናገረችው ሁሉ በቃሏ የሰፈረበትን ወረቀት አስይዟት፤ ለሚቀጥለው ወሊድ ይዛው ትምጣ። በዚያች የኩታበር እናት ልጅ ካርድ ላይ በእጄ ጽሑፍ የሰፈረው «ጡት እምቢ አለ» የሚል ብቻ ነበር።