ለስክሪን ሪደር ስክሪፕት እንክፈል ወይ? ከሐዋሳ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ሐዋሳ ባለን ማየት የተሳነን የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች መካከል አንድ ክርክር ጠንክሯል። አንዱ ወገን «ስክሪፕት መሸጥ መብት መሸጥ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰው ለደከመበት ሥራ ለምን አይከፈለው?» ይላል። በጽሑፍም በድምፅም የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። ለአዲሶች ያህል፦ ስክሪን ሪደር ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ የሚሸጠው ጃውስና ነፃው ኤንቪዲኤ ከእነዚህ ናቸው። ስክሪፕት ማለት ስክሪን ሪደሩ አንድን ፕሮግራም እንዴት እንደሚያነብ የሚነግረው ተጨማሪ መመሪያ ነው። ጃውስ ላይ ስክሪፕት፣ ኤንቪዲኤ ላይ አድኦን ይባላል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የቢሮው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ጃውስ «በተን፣ በተን» እያለ ብቻ ያልፋል። አንድ ልጅ ስክሪፕት ልሥራልሽ ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ከደመወዜ ልክፈል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደመወዝሽ አትክፈይ። ፕሮግራሙን የመረጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ወጪውም የእሱ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ የሥራ መሣሪያም በዚህ ውስጥ ይገባል። የአዋጁን ቁጥር ጠቅሰሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ መንገድ አለ። «በተን» ብቻ የሚል ቁልፍ ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ነው። የፕሮግራሙ ሠሪ የእያንዳንዱን ቁልፍ «አክሰሲብል ኔም» የሚባለውን፣ ስክሪን ሪደር የሚያነበው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ቢሞላ ችግሩ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙን ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ሁሉ ይፈታል። ለአንድ ቁልፍ የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ለሠሪው ደብዳቤ ጻፊ፤ «አይነበብልኝም» ብለሽ ግን አትተዪው። የመስኮቱን ርዕስ፣ በታብ ስትሄጂ ስንተኛው ቁልፍ እንደሆነ፣ ጃውስ ምን እንደሚል፣ ምን ማለት እንደነበረበት አስፍሪ። «ቫውቸር መመዝገቢያ መስኮት፣ ሰባተኛው ታብ፣ በተን ይላል፣ አስቀምጥ ማለት ነበረበት» የሚል መስመር ፕሮግራመሩ ተቀምጦ የሚያርመው ነው።

ሠሪው እምቢ ካለ ወይም ድርጅቱ ተዘግቶ ከሆነ ስክሪፕቱ ይሠራ። አለቃሽን ለማሳመን ቁጥር ይዘሽ ግቢ። በቀን 40 ቫውቸር የምትመዘግቢ ቢሆንና ስም የሌላቸውን ቁልፎች መፈለግ በእያንዳንዱ ላይ 2 ደቂቃ ቢበላ፣ በቀን 80 ደቂቃ ነው። በ22 የሥራ ቀን 29 ሰዓት ይጠፋል። ይህን የሚሰማ የፋይናንስ ኃላፊ የስክሪፕቱን ዋጋ ከዚህ ጋር ያመዛዝነዋል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ መሥሪያ ቤቱ ሊከፍል ተስማማ እንበል። ከሻጩ ምን እንቀበል? ምንስ እናረጋግጥ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

የጃውስ ስክሪፕት አንድ ፋይል አይደለም። ሰው የሚያነበው ምንጭ ኮድ ጄኤስኤስ በሚል ቅጥያ ያበቃል። ኮምፓይል ሲደረግ ጄኤስቢ ይወጣል፤ ጃውስ የሚያሠራው ይኼን ነው። ትእዛዞቹ በየትኛው የኪቦርድ ቁልፍ እንደሚጠሩ የሚነግረው ጄኬኤም፣ ማብራሪያውን የያዘው ጄኤስዲ ነው። ሻጩ ጄኤስቢውን ብቻ ከሰጣችሁ የገዛችሁት የተቆለፈ ሣጥን ነው። ፕሮግራሙ አፕዴት በተደረገ ማግሥት ሌላ ሰው ሊያስተካክልላችሁ አይችልም። ጄኤስኤሱ ካልተሰጠ ሙሉ ክፍያ አይፈጸም።

ቀጥሎ የፋይሉን ስም ተመልከቱ። ስክሪፕቱ የሚሰየመው ፕሮግራሙን በሚያስነሳው በኤክስኢ ፋይል ስም ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ሆናችሁ ኢንሰርት ከኪው ጋር ስትጫኑ ጃውስ የትኛውን ስክሪፕት እንደጫነ ይናገራል። «ዲፎልት» (የጃውስ የራሱ አጠቃላይ ስክሪፕት) ካለ የተገዛው ስክሪፕት አልተጫነም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የስም አለመመሳሰል ነው። ሌላው፣ ከባዱ ጥፋት፣ ሻጩ ዲፎልት የሚባለውን ፋይል ራሱን ቀይሮ የእናንተ ሴቲንግ ፎልደር ውስጥ ሲያስቀምጠው ነው። ጃውስ የተጠቃሚውን ፎልደር ስለሚያስቀድም ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ ጃውስ የሚያመጣውን ማሻሻያ ያ አሮጌ ፋይል ይሸፍነዋል። ዎርድና ብራውዘር ሳይቀሩ ያለምክንያት ይበላሻሉ። መፍትሔው ከጃውስ ዩቲሊቲስ ሜኑ የራሳችሁን ሴቲንግ ፎልደር ከፍቶ በዲፎልት ስም የሚጀምሩትን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርና ጃውስን ዘግቶ መክፈት ነው።

ሦስተኛ፣ ስክሪፕቱ ቁልፉን በምን እንደሚያገኘው ጠይቁ። «ከግራ ይህን ያህል ፒክስል፣ ከላይ ይህን ያህል» እያለ የሚጫን ከሆነ ስክሪኑ ሲቀየር ይሞታል። ሲረከቡ የሚደረግ ፈተና ልስጣችሁ፦ ዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ስኬሉን ከ100 ወደ 125 ፐርሰንት ቀይሩና ስክሪፕቱን ሞክሩ። መስኮቱንም አሳንሳችሁ ሞክሩ። የተሳሳተ ቁልፍ ከተጫነ በፒክስል የተሠራ ነው። በቁልፉ መለያ ቁጥር ወይም በዩአይ ኦቶሜሽን (ዊንዶውስ ስለ ቁልፎች ለስክሪን ሪደር መረጃ በሚሰጥበት መንገድ) የተሠራ ስክሪፕት አይንገዳገድም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ በዊንዶውስ ፎርምስ የተሠሩ ፕሮግራሞች ላይ የመለያ ቁጥሩ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ ዘግታችሁ እየከፈታችሁ ካልፈተናችሁ ተረከብን አትበሉ።

ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፦ ሲጀመር 30 ፐርሰንት፣ ፈተናውን ሲያልፍ 40፣ የቀረው 30 ከአንድ ወር አገልግሎት በኋላ። ውሉ ላይ «ፕሮግራሙ ወይም ጃውስ አፕዴት ሲደረግ በስንት ቀን ይስተካከላል» የሚለው ይጻፍ። ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ፋይሉን ማንም ይገለብጠዋል፤ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳ ሰው ግን በነፃ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ኤንቪዲኤ ራሱ ነፃ ሆኖ ሳለ አድኦን የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ይኼ አያሳፍርም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አያሳፍርም፤ ሕገ ወጥም አይደለም። ኤንቪዲኤን ሚካኤል ከረን በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ጀመረው፤ ፈቃዱ ጂፒኤል ሁለት ነው። ይህ ፈቃድ ማስከፈልን አይከለክልም፤ የሚከለክለው የገዛውን ሰው ምንጭ ኮዱን መከልከልና ለሌላ እንዳያካፍል ማሰር ነው። በተጨማሪ የኤንቪዲኤ ፈቃድ ለአድኦንና ለድራይቨር ልዩ ፈቀዳ ስላለው የተዘጋ ኮድ ያላቸው ክፍሎች አብረውት መሥራት ይችላሉ። ቮካላይዘር የሚባሉት ድምፆች በክፍያ የሚሸጡት በዚሁ ነው። ድምፅ ለሠራው ኩባንያ ፈቃድ ስለሚከፈልበት፣ ማስከፈላቸው ይገባኛል።

ያም ሆኖ ከመክፈል በፊት አድኦን የሚወርድበትን አድኦን ስቶርን ፈትሹ። ከ2023.2 እትም ጀምሮ ኤንቪዲኤ ውስጥ፣ ቱልስ ሜኑ ላይ ተቀምጧል። ለምሳሌ ጎልደን ከርሰር የሚባለው አድኦን የማውስ ቦታዎችን ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል፤ በነፃ ነው። በፒክስል የተሠራ ስክሪፕት ከመግዛት ይኼን ራሳችሁ ብትጠቀሙ ይሻላል፤ ድክመታቸው አንድ ነው፣ ይኼኛው ግን ገንዘብ አይወስድም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስክሪፕት አጻጻፍ በድምፅ ቅጂ የሚያስተምር ሰው አለ፣ በክፍያ። ልመዝገብ ወይስ ራሴ ልማር?

መልስ፦ ልጄ፣ መሠረቱን በነፃ ጀምር። የኤንቪዲኤ ዴቨሎፐር ጋይድ ነፃ ነው፤ የጃውስ «ቤዚክስ ኦፍ ስክሪፕቲንግ» ነፃ ነው፤ የኤንቪዲኤ አድኦን የሚጻፍበት ቋንቋ፣ የፓይተን የራሱ ማስተማሪያም እንዲሁ። እነዚህን በድምፅ እያነበበ የሚሸጥልህ ሰው ካለ አትክፈለው። ሁለተኛ ነገር፦ ኮድ በድምፅ ቅጂ ብቻ አይማሩትም። ነጠላ ሰረዝ የት እንደገባ ከሰው ንግግር አትሰማውም፤ ፋይሉን በራስህ ስክሪን ሪደር ፊደል በፊደል ማንበብ አለብህ። ከድምፁ ጋር የጽሑፍ ፋይል የማይሰጥ ትምህርት ዋጋ የለውም።

ለመሞከር ይኼን አድርግ። ኤንቪዲኤ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ግባ፤ ማስጠንቀቂያውን አንብበህ ምልክት አድርግና ዴቨሎፐር ስክራችፓድን (የሙከራ ኮድ ማስቀመጫውን) አንቃ። እዚያው ፎልደሩን የሚከፍት ቁልፍ አለ። ከዚያ አስቸጋሪው ፕሮግራም ውስጥ ገብተህ ስም የሌለው ቁልፍ ላይ ቁም፣ የኤንቪዲኤን ቁልፍ (በአብዛኛው ኢንሰርት) ከኤፍ አንድ ጋር ተጫን። የሎግ መስኮት ይከፈትና ስለ ቁልፉ ሁሉን ይዘረዝራል፤ «ዊንዶው ኮንትሮል አይዲ» የሚለውን ቁጥር ያዝ። አሁን አፕሞጁልስ በሚለው ፎልደር ውስጥ በፕሮግራሙ ኤክስኢ ስም የፓይተን ፋይል ፍጠር። የምትጽፈው አምስት መስመር ነው፦ አፕሞጁል ሃንድለርን የሚያስገባ፣ ክላሱን የሚከፍት፣ ነገሩ ሲፈጠር የሚጠራውን ፈንክሽን የሚጀምር፣ «መለያው ይህ ቁጥር ከሆነ» የሚል፣ እና «ስሙ አስቀምጥ ይሁን» የሚል። ሴቭ አድርገህ ኤንቪዲኤ ከኮንትሮልና ከኤፍ ሦስት ጋር ተጫን። ቁልፉ ላይ ስትመለስ «አስቀምጥ በተን» ይላል።

ካላለ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ኖትፓድ ከፋይሉ ስም በስተጀርባ ቲኤክስቲ ጨምሮበታል፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቅጥያዎቹ እንዲታዩ አድርገህ ቲኤክስቲውን ከስሙ ላይ አጥፋው። ወይም ታብና ስፔስ ቀላቅለሃል። ፓይተን የመስመር መግቢያን እንደ ሰዋስው ስለሚቆጥረው ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ተጠቀም። ኤንቪዲኤ ዶኪዩመንት ፎርማቲንግ ውስጥ «ላይን ኢንደንቴሽን» የሚለውን በንግግርም በቶንም አድርገው፤ ድምፁ ሲቀጥንና ሲወፍር መስመሩ የት እንደገባ ጆሮህ ይለምደዋል። ሦስተኛው ከላይ ያልኩት ነው፦ መለያ ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ፕሮግራም ገጥሞህ ይሆናል።

እዚህ ድረስ ራስህ ከደረስክ በኋላ በአማርኛ አጠገብህ ተቀምጦ ስህተትህን የሚያሳይህ ሰው ካገኘህ፣ ለዚያ ክፈል። አራት ሰዓት የሚያህል እንዲህ ያለ ትምህርት ከሃያ የድምፅ ቅጂ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይገዛ የሚሠራ) ጃውስ ላይ የተገዛ ስክሪፕት ይሠራል?

መልስ፦ ሊሠራ ይችላል። ግን ክራኩ አፕዴት ስለማይደረግ ከአንድ እትም ላይ ትቀራላችሁ፣ ክራኩን ካመጣው ፋይል ጋር ቫይረስ ሊገባ ይችላል፣ ስክሪፕቱ ሲበላሽም ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ፈቃድ መግዛት ካልተቻለ ኤንቪዲኤ ላይ ሥሩ፤ ስክሪፕቱንም ለእሱ አሠሩ። በሳምንት የሚለመድ ነው። ያለ ፈቃድ 40 ደቂቃ ብቻ የሚሠራው የጃውስ ሙከራም ለግል መሞከሪያ እንጂ ስክሪፕት ለመሥራትና ለመፈተሽ አልተፈቀደም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የገዛውን ስክሪፕት ብገለብጥ ጥፋት ነው? ሁለታችንም ዓይነ ስውራን ነን።

መልስ፦ ፈቃዱ ካልፈቀደ ጥፋት ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ስክሪፕቱን የሠራውም ብዙ ጊዜ ከእኛው አንዱ ነው። ሻጩን አነጋግሩት፤ ለሁለት ሰው ቅናሽ ከማድረግ የሚያፈገፍግ ሐዋሳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እኔ ሠሪ ነኝ። ሁሉም በነፃ ይፈልጋል። ምን ላስከፍል፣ ምን በነፃ ልስጥ?

መልስ፦ ለሁሉም የሚጠቅመውን በነፃ ልቀቀው፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚሆነውን አስከፍል። ሁለቱም መንገድ በዓለም ላይ አለ። ሪፐር በሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ዓይነ ስውራን የሚሠሩት ኦሳራ በሚባል ነፃና ክፍት ማራዘሚያ ነው። ለጃውስ ደግሞ ሊዚ የሚባለው ጥቅል በክፍያ ይሸጣል፤ ገዢም አለው።

ዋጋህን በመስመር ብዛት አትተምን፤ በሰዓት ተምን። ኮዱን የምትጽፍበት ሰዓት ትንሹ ነው፤ ፕሮግራሙን የምታጠናበት፣ የምትፈትንበትና ተጠቃሚውን የምታሠለጥንበት ይበልጣል፤ ሁሉንም ቁጠር። የጥገናውን ክፍያ ለብቻው በዓመት አድርገው። ኤንቪዲኤ በየዓመቱ የመጀመሪያ እትሙ ላይ አድኦኖችን እንደ አዲስ እንዲፈተሹ ስለሚያደርግ ያ ሥራ በየዓመቱ ይመጣብሃል። የአድኦኑን መረጃ በያዘው ማኒፌስት ፋይል ላይ «ላስት ቴስትድ» (መጨረሻ የተፈተሸበት የኤንቪዲኤ እትም) የሚለውን ቁጥር ብቻ ቀይረህ «አስተካክያለሁ» ማለት ግን ደንበኛን ማታለል ነው። ሞክረው፣ ከዚያ ቁጥሩን ቀይር።

ቁልፍ መሰየም ብቻ ለሚፈልግ ተማሪ ግን እባክህ አታስከፍል። እንዴት እንደሚሰየም አሳየው።

ጥያቄ፦ አድኦን የሸጠልኝ ሰው «ሎግኢን ስክሪን ላይም እንዲሠራ» ብሎ ሴቲንጉን ወደዚያ እንድገለብጥ ነገረኝ። ላድርግ?

መልስ፦ አያድርጉ። አድኦን እርስዎ የሚችሉትን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ የሚጽፉትንም ይሰማል። ሴቲንጉ ወደ ሎግኢን ስክሪን ከተገለበጠ ደግሞ ከዊንዶውስ ከፍተኛ ሥልጣን ጋር ይሠራል። አስቀድመው አድርገውት ከሆነና ኮምፒውተሩ እንግዳ ነገር ካሳየ፣ ኤንቪዲኤ ከኪው ጋር ይጫኑና «አድኦኖች ጠፍተው እንደገና ጀምር» የሚለውን ይምረጡ። ችግሩ ከጠፋ ከአድኦኑ ነው። ከዚያ አድኦን ስቶር ውስጥ ያስወግዱት፤ ሌሎቹን ካረጋገጡ በኋላ ሴቲንጉን ወደ ሎግኢን ስክሪን እንደገና ይገልብጡት፤ የቀድሞው በዚህኛው ይተካል። ሻጩንም ምንጭ ኮዱን ይጠይቁት፤ በነገራችን ላይ የኤንቪዲኤ አድኦን ፋይል ዚፕ ነው፤ ቅጥያውን ዚፕ ብለው ቀይረው ከፍተው ውስጡን ማየት ይችላሉ።