«ሦስት ዓመት» ሐዘን ሲቆጠር 27 ወር ነው

«በድሮዋ ቻይና አባቱ የሞተበት ሹም ለምን ሥራውን ይለቅ ነበር?» ላልከው ወንድሜ፣ ሕጉ ለወላጁ «ሦስት ዓመት» ሐዘን እንዲቀመጥ ስለሚያስገድደው ነው። ምክንያቱን የተናገረው የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ኮንፊሽየስ ነው። ደቀ መዝሙሩ ዛይ ዎ «አንድ ዓመት አይበቃም ወይ?» ቢለው፣ ልጅ ከወላጆቹ እቅፍ የሚወጣው ሦስት ዓመት ሲሆነው ነው አለው። ልጅ ያንን ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው፤ እኔ ከዚህ የበለጠ አሳማኝ ምክንያት አላየሁም።

በተግባር ግን 27 ወር ነበር፤ ሦስተኛው ዓመት ከተጀመረ እንደ ሞላ ይታሰባል። ሹሙ መርዶውን ከሰማበት ቀን ይቆጥራል፣ ሥልጣኑን አስረክቦ አገሩ ይገባል፣ ጠርዙ ያልተሰፋ ሻካራ ልብስ ይለብሳል። ሠርግና ዘፈን የለም። መርዶ መደበቅ ያስቀጣል።

ችግሩ ሹሙ ከቦታው ሊታጣ የማይቻል ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1577 የመንግሥቱ ዋና ሹም የነበረው የዣንግ ጁዠንግ አባት ሞቶ ንጉሠ ነገሥቱ «በሥራህ ቆይ» ቢለው፣ ይህን የተቃወሙ ሹማምንት በዱላ ተደበደቡ።