ከዕጩ መረጣው በኋላ ሁለት ቦታ የምንሰበሰብ ሆነናል
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል። እኔ በባሕር ዳር ከተማ የአንድ ፓርቲ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነኝ። የምርጫ ክልላችንን ዕጩ የመረጥነው በአባላት ምስጢራዊ ድምፅ ሲሆን፣ ከቀረቡት ሁለት ተወዳዳሪዎች አንደኛው ከሃያ ባነሰ የድምፅ ልዩነት አሸንፏል። ሆኖም ከዘጌ በጀልባ የመጡ አባላት ስማቸው በመዝገቡ የለም ተብለው ድምፅ ሳይሰጡ ተመልሰዋል፤ የተሸነፈው ወገን እንደሚለው የእነዚህ አባላት ቁጥር ከልዩነቱ ይበልጣል። አሁን አሸናፊዎቹ በጽሕፈት ቤቱ፣ የተሸነፉት ደግሞ ሽምብጥ ውስጥ በአንድ አባል ቤት ለየብቻ ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢያችን ሽማግሌ ልከን በአንድ ማዕድ እናስታርቃቸው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የተለየ ስብሰባ የጠሩት አባላት በዲሲፕሊን ይታገዱ ይላሉ። ከየት እንጀምር?
ከጣና ክፍለ ከተማ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከመዝገቡ ይጀምሩ። ሽምግልናውም ሆነ ማዕዱ የራሳቸው ጊዜ አላቸው፤ ከመዝገቡ ከቀደሙ ግን ቅሬታውን ይሸፍኑታል እንጂ አይፈቱትም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች አሉ። አንደኛው የአንድ ተወዳዳሪ መሸነፍ ነው፤ ይህ በማንኛውም ምርጫ የሚያጋጥም ነው፣ ጊዜና አክብሮት ካገኘም ይሽራል። ሁለተኛው ግን በማለዳ ተነሥተው፣ የጀልባ ከፍለው፣ ሐይቁን አቋርጠው የመጡ አባላት በር ላይ «አንተ አባል አይደለህም» መባላቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ገና አልተሸነፉም፤ አልተቆጠሩም። ለእነርሱ «ውጤቱን ተቀበሉ» ማለት ያልተሳተፉበትን ነገር ውጤት ተቀበሉ ማለት ስለሆነ፣ ምንም ያህል በለሰለሰ ቃል ቢነገር አይዋጥላቸውም።

ስለዚህ ከሁለቱም ወገን እኩል ቁጥር ያላቸው ሰዎች የሚገኙበት፣ ከሌላ ቅርንጫፍ ወይም ከፓርቲው የኦዲትና ኢንስፔክሽን ኮሚቴ የመጣ ሰው የሚመራው አጣሪ ቡድን ይቋቋም። መተዳደሪያ ደንባችሁ ለቅሬታ የወሰነው አካልና የጊዜ ገደብ ካለ ያንኑ ተከተሉ፤ ከሌለም ጉዳዩ በዚህ መንገድ እንዲጣራ ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። ቡድኑ በዕለቱ በር ላይ የነበረውን ዝርዝር፣ ዋናውን የአባላት መዝገብ፣ የመታወቂያዎቹን ቁጥርና የወርሃዊ መዋጮ ደረሰኞችን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ተመለሱ የተባሉትን አባላት አንድ በአንድ በስም ይመርምር። መዋጮ ሲከፍል የኖረ አባል ስሙ ከመዝገብ ቢወድቅ ጥፋቱ የጽሕፈት ቤቱ እንጂ የእርሱ አይደለም፤ በአንጻሩ ከመረጣው በፊት ባሉት ቀናት በጅምላ የተመዘገበ ሰው ካለ ደንቡ የሚፈቅድለት መሆኑ ይታይ።

ከማጣራቱ በኋላ ያለው ስሌት ቀላል ነው። ያለአግባብ የተመለሱት እውነተኛ አባላት ቁጥር ከድምፅ ልዩነቱ ካነሰ፣ ሁሉም ለተሸናፊው ቢሰጡ እንኳ ውጤቱ ስለማይለወጥ ይጸናል፤ ይህም ከነቁጥሩ በጠቅላላው የአባላት ስብሰባ ላይ ይነገር። ቁጥሩ ከልዩነቱ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ግን ማን እንዳሸነፈ ማንም አያውቅም፤ በዚህ ጊዜ መረጣው ይደገም። «የቀሩት ብቻ መጥተው ድምፅ ይስጡና ይደመር» የሚል ሐሳብ መቅረቡ አይቀርም፤ እኔ አልደግፈውም። የተቀረው ውጤት ከታወቀ በኋላ የጥቂት ሰዎች ድምፅ ብቻ ወሳኝ ሲሆን፣ የእነዚያ ሰዎች ድምፅ ምስጢርነቱን ያጣል፤ ልመናውም፣ ማስፈራሪያውም፣ ጉርሻውም በእነርሱ ላይ ይወርዳል። ድካምና ወጪ ቢጨምርም መላው ቅርንጫፍ እንደገና ድምፅ ቢሰጥ ይሻላል።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ የቅደም ተከተሉን ነገር በግልጽ ያሳያልና። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ውስጥ ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን ለዕጩነት ሲወዳደሩ፣ የፍሎሪዳና የሚሺጋን ግዛቶች ፓርቲው ከወሰነው ጊዜ ቀድመው መረጣ በማካሄዳቸው በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡት ተወካዮቻቸው እንዳይቆጠሩ ተወስኖ ነበር። ነገሩ የክሊንተንን ደጋፊዎች ክፉኛ አስቆጣ። የፓርቲው የደንብ ኮሚቴ ሜይ 31 ቀን በይፋ፣ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ስብሰባ ተከራክሮ የሁለቱ ግዛቶች ተወካዮች እንዲገቡ፣ እያንዳንዳቸው ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ እንዲኖራቸው ወሰነ። በአዳራሹ ጩኸትና ተቃውሞ ነበር፤ ሆኖም ጥያቄው መልስ አገኘ። ክሊንተን ጁን 7 ቀን ዘመቻቸውን አቁመው ድጋፋቸውን ለኦባማ የሰጡት፣ ሁለቱም በመረጣው እኩል 107 ድምፅ ባገኙባት ዩኒቲ በምትባል የኒው ሃምፕሻየር ትንሽ ከተማ በአንድ መድረክ የቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። በነሐሴ ወር ጉባኤው ሊከፈት ሲል ደግሞ አሸናፊው ኦባማ ራሳቸው ጠይቀው የሁለቱ ግዛቶች ተወካዮች ሙሉ ድምፃቸው ተመለሰላቸው። የክሊንተን ስምም ለድምፅ ቀርቦ ግዛቶች በየተራ ድምፅ መስጠት ከጀመሩ በኋላ፣ ቆጠራው ቆሞ ኦባማ በአንድ ድምፅ እንዲሰየሙ ሐሳብ ያቀረቡት ክሊንተን ራሳቸው ነበሩ። የተሸነፈው ወገን ድምፁ ሲጠራ ሰምቷል፤ መሪው ሲያበቃም በራሱ ፈቃድ አብቅቷል።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ቅሬታ በቤት ውስጥ ሳይፈታ ሲቀር ምን እንደሚከተል ያስተምራል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የብዙ ሕዝብ ድጋፍ ያገኘው ቅንጅት፣ መሪዎቹ ከእስር ከተፈቱ በኋላ እርስ በርስ ተከፋፍለው፣ ስሙ በምርጫ ቦርድ ለሌላ ወገን ተሰጠ፤ ከመሪዎቹ የተወሰኑትም በ2000 ዓ.ም. አንድነት የተባለ አዲስ ፓርቲ ለመመሥረት ተገደዱ። በጥር 2007 ዓ.ም.፣ ምርጫው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በአንድነትም በመኢአድም (በመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት) ውስጥ በተፈጠረው ክፍፍል ምክንያት ቦርዱ ከሁለት ወገኖች ለአንደኛው ዕውቅና ሰጥቶ ሌላው ከውድድር ውጭ ሆነ። ቦርዱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ብዙ ተብሎበታል፤ ወደዚያ አልገባም። ለእናንተ የሚበጀው፣ ሁለት ስብሰባ፣ ሁለት ቃለ ጉባኤና ሁለት ማኅተም ያለው ፓርቲ የባለቤትነቱን ጥያቄ ለውጭ አካል አሳልፎ እንደሚሰጥ ማየቱ ነው። የሽምብጡ ስብሰባ ዛሬ የቅሬታ ስብሰባ ነው፤ መልስ ካጣ የራሱን ሰብሳቢ ይመርጣል።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ሰብሳቢያችሁ ሽማግሌ መላክ ማሰባቸው መልካም ነው፤ በአካባቢያችን ሽማግሌ የረገጠውን ደጅ ማንም አይዘጋም። አደጋው ሽማግሌዎቹ «ለእኛ ስትሉ ተዉት» ሲሉ ነው። ሰው በይሉኝታ እሺ ብሎ ጉልበት ስሞ ይወጣል፤ ቅሬታው ግን እንዳለ ይቀራል፣ በምርጫው ዘመቻ ሳምንትም በዝምታና በመቅረት ይገለጣል። ሽማግሌዎች ድምፅ አይቆጥሩም፣ መዝገብም አይዳኙም። ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ፊት ለፊት እንዲያቀምጡ፣ በማጣራቱ ላይ በታዛቢነት እንዲገኙ፣ ሁለቱም ወገኖች የማጣራቱን ውጤት ለመቀበል ቃል ሲገቡም ዋስ እንዲሆኑ ጠይቋቸው። በሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል ከማንኛውም የስምምነት ሰነድ የበለጠ ያስራል፤ ነገር ግን ቃሉ የሚገባው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት መሆን አለበት።

መረጣው ከጸና ወይም ተደግሞ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው እርምጃ የአሸናፊው ነው። የተሸነፉት ተወዳዳሪ ቤት ራሱ ይሂድ፤ ሰው አይላክ። ሲሄድም ባዶ ምስጋና ይዞ ሳይሆን የሚሰጥ ነገር ይዞ ይሂድ። የዘመቻው አስተባባሪ ኮሚቴ፣ የገንዘብ ክፍሉና የታዛቢዎች ምደባ በአሸናፊው ደጋፊዎች ብቻ ከተያዙ፣ የሌላው ወገን አባላት በራሳቸው ቤት እንግዳ ይሆናሉ። በተለይ የዘጌው ዘመቻ ኃላፊነት፣ ከነበጀቱ፣ ያን ቀን ከተመለሱት አባላት መካከል ለሚመረጥ ሰው ቢሰጥ ደስ ይለኛል። የተሸነፉት ተወዳዳሪ በዘመቻቸው ያነሡት፣ ሕዝብ የተቀበለው ሐሳብም ካለ በዕጩው ንግግር ውስጥ ይግባ፤ እንቦጭ በወረረው የጣና ዳርቻ ስለሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች ተናግረው ከሆነ፣ ዕጩው ያንኑ ከእርሳቸው እንደወሰደው በስማቸው ይናገር።

እገዳውን በተመለከተ፣ ቅሬታው እየተጣራ እያለ ማንም አይታገድ። የተበደለ የሚመስለው አባል ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ መነጋገሩ ወንጀል አይደለም፤ በእርሱ ላይ የሚጻፍ የእገዳ ደብዳቤም ለተቃዋሚው ወገን ማስረጃ ይሆናል። ማጣራቱ አልቆ፣ ቃል ተገብቶ፣ ከዚያም በኋላ የተለየ መዋቅር የሚያደራጅ ካለ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ያኔ ሥራውን ይሥራ። መዝገቡን ያዛባ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወይም አመራር ከተገኘም በዚያው ሚዛን ይጠየቅ፤ የአንዱን ወገን ጥፋት ብቻ የሚያይ ኮሚቴ አስታራቂ ሊሆን አይችልም።

ይህ ሁሉ የዕጩዎች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ ስላለበት፣ ለማጣራቱ አጭርና ቁርጥ ያለ ቀን ወስኑ። እርስዎም እንደ ጸሐፊነትዎ የዚያን ዕለት ዝርዝር፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹንና ቃለ ጉባኤውን ዛሬውኑ በሁለቱም ወገኖች ፊት በፖስታ አሽገው ያስፈርሙ።

ጥያቄ፦ በፓርቲያችን የዕጩ መረጣ የተሸነፉትን ሰው በግል እንዲወዳደሩ እየገፋፋናቸው ነው። በአካባቢው የታወቁና የተወደዱ ናቸው። ትክክል ነን?
ከዓባይ ማዶ

መልስ፦ መብታቸው ነው፤ ስለ ውጤቱ ግን አስቀድማችሁ አስቡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። እንዲህ ባለ ሥርዓት አንድን ደጋፊ ሕዝብ ለሁለት የሚካፈሉ ዕጩዎች ሦስተኛውን ያሳልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ ቴዎዶር ሩዝቬልት በሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ዕጩነቱን በታፍት ሲነጠቁ ወጥተው አዲስ ፓርቲ መሠረቱ፤ ሩዝቬልት 27 ከመቶ፣ ታፍት 23 ከመቶ ገደማ ሲያገኙ፣ 42 ከመቶ ያህል ያገኙት ውድሮው ዊልሰን ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እኒህ ሰው የተሸነፉት በትክክለኛ ቆጠራ ከሆነ በፓርቲው ውስጥ ይቆዩ፤ ድጋፋቸውንም በከንቱ አይስጡ። ለመራጩ የገቡትን ቃል ዕጩው በጽሑፍ እንዲቀበል፣ ደጋፊዎቻቸውም በዘመቻው መዋቅር እንዲካተቱ ይጠይቁ። ቆጠራው አጠራጣሪ ነበር የምትሉ ከሆነ ደግሞ የግል ዕጩ የሚጠየቀውን የድጋፍ ፊርማ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ቅሬታችሁን በጽሑፍ ለፓርቲው አስገብታችሁ፣ የገቢ መዝገብ ቁጥር ተቀብላችሁ፣ መልሱን ጠብቁ።