«ብረት ከእንጨት ይከብዳል» ማለት ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ የሳይንስ የቤት ሥራው ላይ «ብረት ከእንጨት ስለሚከብድ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል» ብሎ ጻፈ። መምህሩ «ስለሚከብድ» የሚለውን ሰርዘው «እፍግታው ስለሚበልጥ» ብለው አረሙት። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ «ብረት ይከብዳል» ስል ነው የኖርኩት። አማርኛችን ተሳስቶ ነው? ደግሞስ «ይሰምጣል» ነው ወይስ «ይሰጥማል»?

መልስ፦ አማርኛዎ አልተሳሳተም። መምህሩም ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ቃል ነው የሰጡት፤ እፍግታ ማለት አንድ ቁስ በተወሰነ ይዘት (በሚይዘው ቦታ ልክ) ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። እኔን የሚከነክነኝ «ይከብዳል» የሚለው ራሱ ስህተት ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

እንዲህ የሚሉ አሉ፦ «ክብደት የአንድ ዕቃ ነው፤ የብረት ክብደት ብሎ ነገር የለም። አንድ ግንድ ከአንድ ሚስማር ይከብዳል። ስለዚህ ብረት ከእንጨት ይከብዳል ማለት ውሸት ነው።» ፊዚክሱን አውቀውታል፤ ሰዋስዉን ግን ልብ አላሉትም። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያንብቧቸው፦

ብረት ከእንጨት ይከብዳል።
ብረቱ ከእንጨቱ ይከብዳል።

ሁለተኛው ላይ የእሙርነት (ተለይቶ የታወቀን ነገር የማመልከት) ምልክቷ «ኡ» አለች። ስለዚህ የምናወራው እዚህ ስላሉት ስለነዚህ ሁለት ዕቃዎች ነው። ሚዛን ላይ አውጥተን እውነት ወይም ሐሰት ልንለው እንችላለን። የመጀመሪያው ግን ምልክት የለውም። ስለ ቁሱ ጠባይ ነው የሚናገረው። ብረት፣ ውሃ፣ ዘይት የማይቆጠሩ ስሞች ናቸው፤ በራሳቸው ልክ የላቸውም። ልክ የሌላቸውን ሁለት ነገሮች በክብደት ስናወዳድር፣ ሰሚው ሳይነገረው እኩል ይዘት ይሰጣቸዋል። «ዝሆን ከጉንዳን ይከብዳል» ስንል ግን ይህ አይሠራም፤ ዝሆንና ጉንዳን የሚቆጠሩ ናቸውና አንዱን ከአንዱ ነው የምናስተያየው። «ግንዱ ከሚስማሩ ይከብዳል፤ ብረት ግን ከእንጨት ይከብዳል» ብንልም የሚምታታበት ሰው የለም። በእኩል ይዘት ማወዳደር ደግሞ እፍግታን ማወዳደር ማለት ነው። ቋንቋው ስሌቱን በአንዲት «ኡ» መኖርና አለመኖር ጨርሶታል።

ወደ ቃሎቹ እንምጣ። «እፍግታ» ከ«ታፈገ» የወጣ ነው። የታፈገ ክፍል ማለት ሰውና ዕቃ ጢም ብሎበት መተንፈሻ ያጣ ክፍል ነው። «ጥግግት» የሚሉም አሉ፤ እሱ ከ«ጠጋ»፣ «ተጠጋጋ» ነው። ሁለቱም የሚነግሩን ስለ መጨናነቅ ነው። አሉሚኒየምና ወርቅን እንይ። በአሉሚኒየም ውስጥ የአቶሞቹ ርቀት ከወርቁ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም የወርቁ በጥቂቱ ይሰፋል። እፍግታቸው ግን የትየለሌ ይለያያል፦ አሉሚኒየም በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.7 ግራም፣ ወርቅ 19.3 ግራም ነው። ወርቅ የበለጠው ስለታፈገ ወይም ስለተጠጋጋ አይደለም። እያንዳንዱ አቶሙ ራሱ ሰባት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ነው! ታዲያ የትኛው ቃል ወደ እውነቱ ይቀርባል? የተሰረዘው «ይከብዳል» ነዋ።

«ከበደ» ደግሞ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። በግእዝ «ከብድ» ጉበትም ሆድም ነው። ዓረብኛ ጉበትን «ከቢድ» ይለዋል። በዕብራይስጥ «ካቬድ» ጉበትም ከባድም ማለት ነው። ጉበት ከውስጥ አካላት ሁሉ ከባዱ ስለሆነ ስሙን ከዚያ አገኘ የሚለው ማብራሪያ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ባይኖረውም እኔ እወደዋለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬም «እፍግታ» ይቅር አልልም። የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ልጁ ቀጥሎ «ታዲያ የብረት መርከብ ለምን አይሰምጥም?» ብሎ ቢጠይቅ «ይከብዳል» መልስ አይሰጠውም። አንድ ኪሎ ድፍን የብረት ኳስ ውሃ ውስጥ ቢገባ የሚገፋው 127 ግራም ገደማ ውሃ ነው። ውሃው ወደ ላይ የሚደግፈው በገፋው ውሃ ክብደት ልክ ብቻ ስለሆነ ኳሱ ይወርዳል። ያንኑ ብረት ቀጥቅጠን ሁለት ሊትር የሚይዝ ጎድጓዳ ሳህን እናድርገው። አሁን አንድ ሊትር ውሃ እስኪገፋ ድረስ ይገባና እዚያ ላይ ይቆማል፤ የገፋው ውሃ አንድ ኪሎ ሆኗልና። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ክብደቱም አልተለወጠም። የተለወጠው አየሩን ጨምሮ የሳህኑ አማካይ እፍግታ ነው። ይህን ያለ ስያሜ ማስረዳት አድካሚ ነው። ከሁለቱ ስያሜዎች እኔ «እፍግታ»ን እመርጣለሁ። «ጥግግት» ለጆሮዬ ለቤትና ለሕዝብ ነው የሚመቸኝ። ሆኖም በየጽሑፉ ለቁስም እየገባ ነው፤ ማንም የሚያስቆመው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በ«እፍግታ» ፈንታ «ወፍራም» አይበሉ። ዘይት ከውሃ ይወፍራል፤ ሲፈስ ዝግ ይላል። እፍግታው ግን ከውሃ ያንሳል፤ ስለዚህ ላይ ይሆናል። ውፍረት ሌላ፣ እፍግታ ሌላ።

«ተንሳፈፈ»ንም ሳላነሳ አላልፍም። «ተን» የሚለው መነሻ በ«ተንቀሳቀሰ»፣ በ«ተንከባለለ» የምናውቀው ነው። ሥሩ «ሰፈፈ» ነው። «ሰፈፍ»ም የዚያው ዘር ነው፤ ማር በውሃ ሲበጠበጥ ወደ ላይ የሚወጣው የሰም እንክትካች። የሰም እፍግታ 0.96 አካባቢ ነው፤ ከውሃ በትንሹ ያንሳል። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ቁጥሩን አያውቁትም፤ የሚንሳፈፈውን ግን አይተው ሰይመውታል።

በመጨረሻ «ሰጠመ» ወይስ «ሰመጠ»? ግእዙ ሰ‑ጠ‑መ ነው። «ሰመጠ» ጠ እና መ ቦታ ተለዋውጠው የመጣ ነው። እኔ «ሰጠመ» እላለሁ፤ እጽፋለሁም። ነገር ግን «ስምጥ ሸለቆ»ን «ስጥም ሸለቆ» የሚል ሰው አልሰማሁም። ካርታ ላይ የገባን ቃል ስህተት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም። መምህሩም ያን ቃል አልነኩትም፤ የልጅዎ «ይሰምጣል» እንዳለ ይቆይ።