መልስ፦ ፔድሮ ሂሜኔዝ ከምን ጋር ይጠጣ?

ወዳጄ፣ በስጦታ ያገኘኸው ፔድሮ ሂሜኔዝ ከጥብስ ጋር ይሄዳል ወይ ብለሃል። አይሄድም፤ ጣፋጭነቱ ስጋውን ይውጠዋል።

ይሄ ከደቡብ ስፔን፣ ከአንዳሉሲያ የሚመጣ ወይን ነው። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ዘቢብ እስኪመስል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሲጨመቅ የሚወጣው ወፍራምና በጣም ጣፋጭ ጭማቂ ነው። መፍላት እንደጀመረ ከወይን የተጣራ አልኮል ይጨመርበታል፤ እርሾው ሥራውን ያቆማል፣ ስኳሩ እዚያው ይቀራል። ሄሬዝ በሚባለው የአንዳሉሲያ አካባቢ የሚሠራው በሊትር ቢያንስ 212 ግራም ስኳር አለው! በርሜል ውስጥ ለዓመታት ሲቆይ ደግሞ ይጠቁራል። ብርጭቆህን አዘንብለህ እየው፤ ጎኑን ቡናማ ቀብቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሽታው ቴምር፣ በለስ፣ ትንሽም ቡና ቡና ይላል።

ስለዚህ ከምግብ በኋላ፣ በትንሽ ብርጭቆ። ለእኔ አንደኛው ጓደኛው ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ ነው፤ ሮክፎር ወይም የስፔኑ ካብራሌስ። የአይቡ ጨውና የወይኑ ስኳር ሲገናኙ ጉድ ነው። መራራ ጥቁር ቸኮሌትም ይስማማዋል። ማብሰል ከሰለቸህ ቫኒላ አይስክሬም ላይ ጠብ አድርግበት፤ ስፔኖችም ያደርጉታል። ከጣፋጭ ኬክ ጋር ግን አፍ ይዘጋል።

«ክሪም» ስለሚባለው ሌላ ጣፋጭ የሄሬዝ ወይን ደግሞ ጠይቀሃል። እሱ ብዙ ጊዜ ኦሎሮሶ የሚባለው ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ወይን ከፔድሮ ሂሜኔዝ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ጣፋጭነቱ ቀለል ስለሚል ከጉበት ፓቴ (ዳቦ ላይ ከሚቀባ የተፈጨ ጉበት) ጋር ሞክረው።

ፔድሮ ሂሜኔዝህን ቀዝቀዝ አድርገህ አቅርበው። የተከፈተውን በደንብ ከድነህ ፍሪጅ ብታስገባው ከወር በላይ ይቆይልሃል።