የጉበት ስብ፦ ከጎጃም ልጆች ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬ ማታ የምመልሰው በጉበት ላይ ስለሚከማች ስብ፣ ብዙዎቻችሁ «ፋቲ ሊቨር» ስለምትሉት ሕመም ብቻ ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የአልትራሳውንድ ውጤት ብቻ ጽፋችሁ «ምን ይሻለኛል?» አትበሉኝ፤ ዕድሜያችሁን፣ የጉበት የደም ምርመራችሁንና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ሕዋሳት) ቁጥራችሁን ጨምሩበት። ሁለተኛ፣ «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥ ማናቸውንም ቅጠል፣ ዱቄትም ሆነ ጠርሙስ አትውሰዱ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ዶክተር፣ የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ለኩላሊት ጠጠር አልትራሳውንድ ስነሣ ጉበቴ ላይ «ግሬድ 2 ስብ» እንዳለ ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግሬድ 3 ከደረሰ ካንሰር ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። በአልትራሳውንድ ወረቀት ላይ «ግሬድ» ተብሎ የሚጻፈው ጉበቱ በምስሉ ላይ ምን ያህል እንደነጣ፣ ማለትም ስቡ ምን ያህል እንደበዛ የሚያሳይ ግምት ነው። ስብ ይመጣል፤ ከተጠነቀቁለትም ይሄዳል። የሚያሰጋው ስቡ ለዓመታት ጉበቱን ሲያቆስለው የሚቀረው ጠባሳ ሲሆን፣ ጠባሳው በዝቶ ጉበቱን ሲያኮማትረው ሲሮሲስ እንለዋለን፤ የጉበት ካንሰርም በአብዛኛው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ግሬድ 3 ተብሎ ቅንጣት ጠባሳ የሌለበት ሰው አለ፤ ግሬድ 1 ተብሎ ሲሮሲስ ደጃፍ የደረሰም አለ፤ እንዲያውም ሲሮሲሱ ሲጠና ስቡ ራሱ እየመነመነ ስለሚሄድ ምስሉ የተሻለው ሊመስል ይችላል።

ከቢቸና በኩል የመጡ አንዲት እናት የአልትራሳውንዱን ወረቀት እንደ ገንዘብ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሦስት ዓመት ዞረዋል። ቋጠሮውን ሲፈቱልኝ ወረቀቱ በየእጥፋቱ ተቀድዶ አራት ቦታ ሆኖ ነበር። በነዚያ ሦስት ዓመታት ሁሉም ሰው ስለ ግሬዱ ሲነግራቸው ስኳራቸውን የለካላቸው ግን አልነበረም፤ እኔ ሳስለካው ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። በጉበት ላይ ስብ ተገኘ ማለት በመጀመሪያ ስኳር፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ይለካ ማለት ነው፤ ምክንያቱም የጉበት ስብ ያለባቸውን ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም እንጂ ጉበቱ አይደለም። እርስዎም የደም ምርመራዎን ይላኩልኝና እንነጋገራለን።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጠባሳ መኖሩን ከጉበት ናሙና ሳይወሰድ ማወቅ ይቻላል? እዚህ አካባቢ ጉበት የሚለካ ልዩ መሣሪያ አላገኘሁም።

መልስ፦ ዛሬ ማታ ከሁሉ በላይ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። በዕድሜና በሦስት ተራ የደም ቁጥሮች፣ ማለትም በጉበት ምርመራ ላይ በሚወጡት በኤኤስቲና በኤኤልቲ እንዲሁም በፕላትሌት የሚሠራ «ፊብ-4» የሚባል ስሌት አለ። በእ.ኤ.አ. 2006 ለሌላ የጉበት ሕመም የተዘጋጀ ቢሆንም ዛሬ ለጉበት ስብም የመጀመሪያው ማጣሪያ ሆኗል፤ የደም ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ባለበት ሁሉ ይቻላል። ዕድሜዎን በኤኤስቲ ያባዙ። የኤኤልቲን ስኩዌር ሩት አውጥተው በፕላትሌት ቁጥር ያባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤኤስቲን «ኤስጂኦቲ»፣ ኤኤልቲን ደግሞ «ኤስጂፒቲ» ብለው ስለሚጽፉ እንዳይደናገሩ፤ ፕላትሌቱም 250,000 ከሆነ በስሌቱ የሚገባው 250 ነው።

ለምሳሌ የ38 ዓመት ሰው ኤኤስቲው 30፣ ኤኤልቲው 49፣ ፕላትሌቱ 250 ቢሆን፣ 38 በ30 ሲባዛ 1140 ይሆናል፤ የ49 ስኩዌር ሩት 7 ስለሆነ 7 በ250 ሲባዛ 1750 ይሆናል፤ ሲካፈል 0.65 ይመጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ስፔሻሊስት መሄድ ያስፈልጋል፤ በመካከል ያለው ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው የታችኛው ወሰን 1.3 መሆኑ ቀርቶ 2 ይሆናል፤ ከ35 ዓመት በታች ላለ ሰው ግን ስሌቱ አያስተማምንም።

እዚህ አገር ላይ ደግሞ በብርቱ የማሳስበው አለ። ወባ ፕላትሌትን ስለሚያወርድ፣ ቆላ ወርዶ ለሥራ ሰንብቶ በትኩሳት የተመለሰ ሰው በዚያው ሳምንት ደሙን ሰጥቶ ቢያሰላ ጉበቱ የጠፋ ይመስለዋል። ትኩሳቱ አልፎ፣ ሰውነቱ አገግሞ፣ ከዚያ ይመርመር።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ቀኝ ጎኔን አንዳንድ ጊዜ ያመኛል። ጉበት ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የጉበት ስብ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም የለውም፤ የጎን ውጋት ከሐሞት ጠጠር፣ ከጨጓራ፣ ከጡንቻም ሊመጣ ይችላል። ይመርመሩ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ በአሜሪካ ሬስሜቲሮም በእ.ኤ.አ. 2024፣ ሴማግሉታይድ ደግሞ በ2025 ለዚህ ሕመም ተፈቅደዋል፤ የተፈቀዱትም ጠባሳው ለገፋ ነገር ግን ሲሮሲስ ላልደረሰ ሰው ነው። ለአብዛኞቻችሁ መድኃኒቱ ክብደት መቀነስ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ ስቡ ይቀንሳል፤ 6 ኪሎ ገደማ ቢቀንስ ቁስለቱ ይበርዳል፤ 8 ኪሎ ከደረሰ ጠባሳው ራሱ ሊሻሻል ይችላል። ይህም በወራት የሚመጣ ነው፤ በሳምንት ከ1 ኪሎ በላይ እያወረዱ መቸኮል የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ፣ ጉበቱንም ሊያውክ ይችላል። የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱም «ለጉበት ይከብዳል» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የጉበት ስብ ላለበት ሰው የልብ መከላከያው ነው።

ጥያቄ (መምህርት፣ ከሞጣ)፦ እኔ ወፍራም አይደለሁም፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ሳልሽር እጾማለሁ፤ ሥጋ የምበላው በዓመት በዓል ነው። ስቡ ከየት መጣ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ስብ ስናስብ ወደ ሥጋና ቅቤ ብቻ መመልከታችን ነው የሚያሳስተን። ጉበት ከሚያስፈልገው በላይ የገባለትን ስኳርና ዱቄት ራሱ ወደ ስብ ይለውጠዋል። የቀንዎን ሻይ ይቁጠሩት። ጠዋት፣ እረፍት ላይ በመምህራን ክበብ፣ ከሰዓትና ማታ አራት ብርጭቆ ቢጠጡና በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር ቢጨምሩ 12 ማንኪያ፣ ወደ 50 ግራም ስኳር ይሆናል። በዚያ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከታከለ ሌላ 30 ግራም ገደማ አለ። ጾሙን ከሚፈቱበት ነጭ ዳቦ፣ ብስኩትና ጥብስ ድንች ጋር ሲደመር ጉበትዎ ሥጋ ሳያይ ስብ ሲሠራ ይውላል። የወገብ ዙሪያዎንም ይለኩ፤ ክንዱና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰው ከዚህ ሕመም ነጻ አይደለም። በቤተሰብዎ ስኳር ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

አስተያየት (ከደጀን)፦ ዶክተር ትክክል ነው፤ ግን ዋናው ጥፋት ከውጭ የሚገባው የረጋ ዘይት ነው። አያቶቻችን የኑግ ዘይትና የጎጃም ቅቤ ሲበሉ ጉበት የሚባል ነገር አላወቁም።

አስተያየት (ከባሕር ዳር)፦ ወንድሜ፣ አያቶቻችን ቅቤውን በልተው ሞፈርና ቀንበር ተሸክመው ይውሉ ነበር። እኛ ቅቤውን በልተን ባጃጅ ላይ ነው የምንወጣው። ቅቤም የረጋ ስብ ነው።

አስተያየት (ከደጀን)፦ የአገራችንን ቅቤ ከፋብሪካ ዘይት ጋር እኩል አታድርገው።

አስተያየት (ቀሲስ፣ ከደብረ ኤልያስ)፦ ልጆቼ፣ መምህርቷ የጠየቀችው ስለ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ሽሮ፣ ጎመንና ባቄላ በመጠኑ መብላት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ለስላሳና ብስኩት የጾም ምግብ መባሉ በእኛ ዘመን የመጣ ነው።

መልስ፦ ቀሲስ እንዳሉት ነው፤ ለጉበት ብዬ የምመክረው ማዕድ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለ ቅቤና ዘይት የተጀመረው ክርክር ግን እዚህ ይቁም። የኑግ ዘይት ከረጋው ዘይት ይሻላል፤ ቅቤም በልኩ ይሁን፤ ሆኖም ሁለታችሁም ሻዩ ውስጥ ያለውን 12 ማንኪያ ስኳር ዘለላችሁት። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ የዳጉሳ አረቄ በልኩ ከሆነ ይጎዳል? ቡናስ?

መልስ፦ ልኩ ስንት ነው? 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ፣ አረቄው 40 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለባት። ለወንድ በቀን 30 ግራም፣ ለሴት 20 ግራም ከታለፈ ሕመሙ የአልኮልም ጭምር ነው እንላለን፤ ሦስት መለኪያ ያንን አልፏል ማለት ነው። የቤት አረቄ ደግሞ ብርታቱ ከጋን ጋን ስለሚለያይ ማንም ሊሰፍርልዎ አይችልም። ጉበቱ ላይ ስብ ያለበት ሰው አረቄውን ይተው ነው የምለው፤ ጠባሳ ያለበት ደግሞ ጠላውንም ጠጁንም ጨርሶ። ቡና ግን ከጠባሳ መቀነስ ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ አቦል ቶናውን ያለ ስኳር ይጠጡ።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ እናቴ የጉበት ስብ አለባት ተብላ፣ የወፍ በሽታ የሚፈውስ አንድ አዋቂ ለ14 ቀን የሚጠጣ ሥር ሰጥቷታል። ትጀምረው?

መልስ፦ አትጀምረው። በመግቢያዬ የተናገርሁትን እደግማለሁ፤ ሰው ከታመመበት ስብ ይልቅ «ያጸዳል» በተባለው ቅጠል ጉበቱ ሲወድቅ አይቻለሁ። በልኬት የማይታወቅ ሥርና ቅጠል የሚያልፈው በዚያው በተቆጣው ጉበት በኩል ነው። አንድ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ ከገበያ በገዛው አንድ ጠርሙስ ውኃ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ተኝቶልኛል፤ ወደ ሐኪም ቤት ከመምጣቱ በፊት የነበረበት ግሬድ 1 ስብ ብቻ ነበር።

ሌላው ስሕተት ሁለቱን ሕመም ማደባለቁ ነው። የወፍ በሽታ የምንለው የዓይን ቢጫ መሆን የብዙ ሕመም ምልክት ሲሆን፣ የጉበት ስብ ብቻውን ዓይን አያስቢጭም። የእናትዎ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆዳቸው ወይም እግራቸው ካበጠ፣ ደም ካስመለሳቸው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አንድ ጊዜ ያስደርጉላቸው፤ በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ስብ ተገኘ ብሎ እሱን መርሳት አይገባም።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ በልጅነቴ ጣና ውስጥ ስዋኝ ነው ያደግሁት፤ ቢልሃርዝያም ታክሜአለሁ። ይህ ከስቡ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ አይያያዝም፤ ነገር ግን ቢልሃርዝያ በጉበት የደም ሥሮች ዙሪያ የራሱን ጠባሳ ይተዋል፤ ጣፊያን ሲያሳብጥ ፕላትሌት ይወርዳል፤ ስለዚህ ፊብ-4 ሊያሳስትዎ ይችላል። አልትራሳውንድ የሚያነሣዎት ባለሙያ ጣፊያዎንም እንዲለካው ይንገሩት።

ጥያቄ (ከቲሊሊ)፦ ሰላም ዶክተር፣ ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባልሁ፤ ምን ልውሰድ?

መልስ፦ ይህን ለፍኖተ ሰላሙ ጠያቂ መልሻለሁ፤ ከላይ ያለውን ያንብቡልኝ። ዕድሜ የለም፣ ኤኤስቲ የለም፣ ፕላትሌት የለም፤ እኔ በዚህ ላይ ተመሥርቼ የምለው ሁሉ ግምት ይሆንብዎታል። የሚወሰድ ነገር ከመፈለግ በፊት የሚቀነሰውን ይቀንሱ።

ጥያቄ (ከእብናት)፦ ስለ ኩላሊት ጠጠርም መጠየቅ ይቻላል?

መልስ፦ ዛሬ አይቻልም።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከካርዱ ላይ ያገኘሁት፦ ኤስጂኦቲ 48፣ ኤስጂፒቲ 64፣ ፕላትሌት 180,000። ወባ ይዞኝ አያውቅም፤ አረቄ አልጠጣም። ስኳሬን ገና አልለካሁም።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጥያቄ እንዲህ ሲመጣ መልስ አለው። 52 በ48 ሲባዛ 2496። የ64 ስኩዌር ሩት 8፤ 8 በ180 ሲባዛ 1440። ሲካፈል 1.73 ይሆናል። ይህ በ1.3 እና በ2.67 መካከል ነው፤ ጠባሳ የለም ብዬ ልለቅዎት አልችልም፤ አለም ብዬ ላስፈራራዎት አይገባም። የጉበትን ጥንካሬ በሞገድ የሚለካ መሣሪያ ያለበትን ሆስፒታል ሐኪምዎ ይጻፍልዎ። እስከዚያው ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ሄደው ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን ያስለኩ፤ ግፊትዎንም ያስለኩ፤ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ካልተመረመሩ አብረው ያሠሩ። ክብደትዎንና የወገብ ዙሪያዎን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በስድስት ወር ስሌቱን ደግመን እናየዋለን።