ቆዳና ሰው ሠራሽ ቆዳ በቤት የስፌት መኪና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የበግ ቆዳ ገዝቼ እጅጌ የሌለው ጃኬት መስፋት ጀምሬያለሁ። መኪናዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤት መኪና ነው፤ ጨርቅ ያለ ችግር ይሰፋል። ቆዳው ላይ ግን ጥቂት ይሰፋና ይዘላል፣ አንዳንዴም የላዩ ክር ይበጠሳል። የክር ማጥበቂያውን ባላላም ባጠብቅም ለውጥ የለም። መኪናው አቅም የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አቅም አለው። ማጥበቂያውን ወደ ነበረበት ይመልሱትና መርፌውን ይቀይሩ። መርፌ ወደ ታች ወርዶ ትንሽ ሲመለስ ክሩ ከዓይኑ አጠገብ ይላላና ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ከታች የሚዞረው መንጠቆ ያንን ቀለበት ሲይዝ ነው አንድ ስፌት የሚሠራው። የጨርቅ መርፌ ጫፉ ክብ ስለሆነ የጨርቁን ክሮች ገፋ አድርጎ በመካከላቸው ያልፋል። ቆዳ የሚገፋ ክር የለውም። መርፌውን ጨብጦ ይይዘዋል፤ መርፌው ሲመለስ ቆዳውም አብሮት ይነሳል፤ ቀለበቱ አይፈጠርም፤ መንጠቆውም ባዶውን ያልፋል። ስፌቱ የሚዘለው ለዚህ ነው። ክሩም የሚበጠሰው በጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ እየተፋተገ ነው።

የቆዳ መርፌ ግን ጫፉ ላይ ስለት ስላለው ቆርጦ ይገባል። ለቤት መኪና የሚሆነው ማሸጊያው ላይ 130/705 H LL የሚል ምልክት አለው። ማሸጊያ ከሌለው አናቱን ይመልከቱ፦ የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ አናቱ ዙሪያውን ክብ ከሆነ የፋብሪካ መኪና መርፌ ነውና አይሆንዎትም። የእኛ አገር የደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሳይቀር ይፈለጋል፤ ለእሱ ቁጥር 90/14 መርፌ ይበቃል (ቁጥሩ የመርፌውን ውፍረት ያሳያል)። የፍየል ቆዳ ከሆነ ወይም የታጠፈ ጠርዝ ላይ ከላይ የሚደገም ስፌት ካለ 100/16 ያስገቡ።

የስፌቱን ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ ከላይ ለሚታይ ስፌት 4 ያምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠንካራ እንዲሆን ብሎ ስፌቱን ያቀራርበዋል፤ የተቀራረቡት ቀዳዳዎች ደግሞ ቆዳውን እንደ ቴምብር ጠርዝ በመስመሩ እንዲቀደድ ያደርጉታል። መነሻና መድረሻ ላይም ወደ ኋላ እየመለሱ አይደግሙ፤ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ቀዳዳ ያሰፋዋል። በሁለቱም ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ይተዉ፣ የላዩን ወደ ውስጥ በኩል ስበው ከታችኛው ጋር ሁለቴ ይቋጩት። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር፣ በተለይ በዕፅዋት በለፋ ቆዳ ውስጥ፣ ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል።

ስፒል አይጠቀሙ፤ የወጋበት ቦታ አይጠፋም። የልብስ መቆንጠጫ ወይም ጠርዙ ላይ በስሱ የተቀባ ማስቲሽ ይይዝልዎታል፤ ማስቲሹ ግን መርፌው በሚያልፍበት መስመር ላይ እንዳይሆን፣ መርፌው ላይ ተጣብቆ እንደገና ማዝለል ያመጣልና። መስኮት ከፍተው ይሥሩ። ሰፍተው ሲጨርሱ የስፌቱን ትርፍ ግራና ቀኝ ከፍተው በማስቲሽ ያጣብቁና ጨርቅ ጣል አድርገውበት በጎማ ወይም በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። የካውያ ሥራ በዚህ ይተካል።

ገና ያልቆረጡት ቆዳ ካለ ደግሞ፣ እንደ ጨርቅ አጥፈው ሁለት ንጣፍ በአንዴ አይቁረጡ። አንድ በአንድ ይቁረጡ፤ ግራና ቀኙን ለመለየት ንድፉን ይገልብጡት። የጃኬቱ ቁመት በበጉ አከርካሪ አቅጣጫ ይሂድ። የሆድና የእግር አካባቢ ስለሚለጠጥ ለውስጥ ኪስና ለትናንሽ ቁራጮች ይሁን። ጠባሳውን፣ የእከክ ነጠብጣቡንና ቢላ የነካውን አስቀድመው በጠመኔ ያክብቡ። ጃኬቱን ከመቀጠልዎ በፊት ከዚያው ቆዳ በተረፈ ቁራጭ ላይ፣ በሁለት ንጣፍም በአራትም፣ ሞክረው ይዩ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የወንበር ልባስ በሰው ሠራሽ ቆዳ እሰፋለሁ። የቆዳ መርፌ ገዝቻለሁ፤ ነገር ግን ልባሱ ከመኪናው እግር ሥር ይጣበቅና ስፌቱ አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ባለፈው የሰፋሁትም ሳይቆይ በስፌቱ መስመር ተተረተረ።

መልስ፦ የተተረተረው በዚያው በቆዳ መርፌ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሠራሽ ቆዳ ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ ጥንካሬው ያለው ከጀርባው ባለው ጨርቅ ነው። ስለት ያለው መርፌ የዚያን ጨርቅ ክር እየቆረጠ ይሄዳል፤ ሰው ሲቀመጥበት ቁርጡ ይሰፋል። የጂንስ መርፌ 90/14፣ ለወፍራሙ 100/16 ያስገቡ። ስፌቱ 3.5 ወይም 4 ሚሊ ሜትር፣ ትርፉ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን። መቀመጫው ላይ ባለው ስፌት ከሥሩ ጠንካራ የጥብጣብ ጨርቅ ያድርጉና ከላይ ግራና ቀኙን ይድገሙት። ልባሱ ከስፖንጁ ጠቦ ከተቆረጠ ግን ይህ ሁሉ አያድነውም።

የሚጣበቀው የብረቱ እግር የፕላስቲኩን ገጽ ስለሚይዘው ነው፤ የታችኛው ጥርስ ይስባል፣ እግሩ አይለቅም። የቴፍሎን እግር ወይም ባለ ተሽከርካሪ እግር ካገኙ ያ ነው መፍትሔው። ካላገኙ የእግሩን ሥር በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ መርፌ የሚገባበትን ክፍተት ግን አይሸፍኑ። ስስ ወረቀት በቁራጭ እየደረቡ ሰፍቶ በኋላ መቅደድም ይሠራል። የእግሩን ጫና የሚቀንስ ብሎን መኪናዎ ላይ ካለ ትንሽ ያላሉት። ዘይት አይቀቡ፤ ቆሻሻ ይይዛል፣ ማስቲሽም አያስይዝም። ጠዋት ብርድ ሲሆን ወፍራሙ ዓይነት ይደርቃል፤ ጥቂት ፀሐይ ካገኘ ለስልሶ ይታጠፋል። ካውያ አያስጠጉት።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የሰው ሠራሽ ቆዳ ጃኬቴ ላዩ እየተላጠ ነው። በስፌት ይድናል?

መልስ፦ አይድንም። ፖሊዩሬቴን የተባለው ሽፋን በእርጥበትና በሙቀት እየፈረሰ ነው የሚላጠው፤ የሚሰፉበት ቦታም ነገ ይላጣል። ዚፑንና ገበሩን አውጥተው ለሌላ ልብስ ያውሉት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ በእግር የሚሠራ አሮጌ ሲንጀር አለን። ለቆዳ ቦርሳ ይሆናል?

መልስ፦ ለስስ ቆዳ በጣም ጥሩ ነው። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ በመሆኑ የመርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ቆዳው ወደ ታች አይሰምጥም። ፍጥነቱም በእግርዎ ነው። ቺንጋው ከላላ ግን ወፍራም ቦታ ላይ ይንሸራተታል፤ አስቀድመው ያሳጥሩት። መርፌ ሲገዙ ያለውን አውጥተው ይዘው ይሂዱ።

ቦርሳ ላይ የሚያስቸግረው መያዣው የሚገጠምበት ቦታ ነው፤ አራት አምስት ንጣፍ ይገናኛል። ከመስፋትዎ በፊት የውስጡን ጠርዝ በስለት ፍቀው ያሳሱት፤ እዚያ ሲደርሱ እግርዎን አንሥተው መዘውሩን በእጅዎ ያዙሩት። መርፌው ከተጣመመ ያቁሙ። ድምር ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መኪናውን አያስገድዱት፦ በወስፌ በየ4 ሚሊ ሜትሩ ይብሱና በሰም በተቀባ ክር፣ ሁለት መርፌ በአንዱ ቀዳዳ ከፊትና ከኋላ እያሳለፉ በእጅ ይስፉት።